ናርዲ ጋር ወራጅ አለ

ሸዋረገጥ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፓስቲና ሻይ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ሊጡን ዘይት ውስጥ እየጣለች ደንበኛዋን ስትተርብ ያያት ሰው፣ ሐዘን በደጇ ያለፈ አይመስለውም። ግን አልፏል። አንድያ ልጇ ናርዲ በዘጠኝ ዓመቷ በማጅራት ገትር ሞታባታለች።

ከዚያ በፊት ሰፈሩ «የናርዲ እናት» እያለ ነበር የሚጠራት። አጥር የምትጋራት ለጢፋ ደግሞ በኦሮምኛዋ «ሃዳ ናርዲ!» ብላ ስትጣራ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። ቁስሏን ላለመንካት ነው እንጂ ማንም ክፉ አላሰበም። ለሰፈሩ «እትዬ ሸዋረገጥ»፣ ለለጢፋ «ሸዌ» ሆና ቀረች። እናትየዋን ያንገበገባት ይሄ ነበር። ጭራሽ ልጅ ያልወለደች አስመሰሏት!

ስለዚህ ፓስቲ ቤቷን ስትከፍት ሠዓሊ ጠርታ በሩ አናት ላይ በትልልቁ፣ በቀይ ቀለም «ናርዲ» አስጻፈች። ለጢፋ ስታየው ደነገጠች።

«ወላሂ ሸዌ፣ ጠዋት ማታ እያየሽው ሆድሽ አይባባም?»

«ይባባል እንጂ! ዝም ስትሉኝ ግን ይብስብኛል።»

ለጢፋ ግን ያኔም ስሙን አልጠራችም።

ባጃጆቹ ቀደሟት። እኛ ጋ መውረድ የፈለገ ሰው «ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮው ሳይደርስ» እያለ ሾፌሩን ሲያደነቁር ነበር የሚኖረው። አሁን «ናርዲ ጋር ወራጅ አለ!» ይላል፣ አለቀ። ልጅቷን አይቷት የማያውቅ ከደዶ ገጠር ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ናርዲ ጋር ይወርዳል። ሸዋረገጥ በሰማች ቁጥር ደስ ይላታል። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ ጭሱ ነው ብላም አታሳብብም።

ባለፈው ሐምሌ ዝናብ አስገብቶኝ እሷ ቤት ሻይ እጠጣለሁ። ሸዋረገጥ ፓስቲውን ዘይት ላይ ትታ ከአንዱ ደንበኛ ጋር ሙግት ይዛለች። የማረር ሽታው ጎረቤት ደረሰ መሰለኝ፣ ለጢፋ ከአጥሩ ወዲያ፣ ሳታስበው፣ እንደ ድሮዋ ጮኸች።

«ሃዳ ናርዲ! ኧረ ፓስቲው አረረ!»

ሙግቱ ቆመ። ሸዋረገጥ መስማቷን ከፊቷ አይቻለሁ። ፓስቲው እየጠቆረ ነው። እሷ ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ፣ ለጢፋ ደግማ እስክትጠራት ድረስ አቤት ሳትል ጠበቀች።