እህል ቀምሰሃል?

እናቴ የእህቴን ሞት በስልክ፣ ብቻዋን ሆና፣ ከእኔ አፍ እንዳትሰማ አንድ ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ። መጻፍ የምፈልገው ስለዚያ ቀን ነው። ግን ከሥራው ካልጀመርኩ ነገሩ አይገባም። ሥራውን ያገኘችልኝ ደግሞ እህቴ ናት።

ከዚያ በፊት ዱባይ ውስጥ አምስት ዓመት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነበርኩ። ድርጅቱ ዕቃ እስከ ቤት የሚያደርስ ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዕቃው ያልደረሰለትን ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአረብኛ ይቅርታ፣ በእንግሊዝኛ ይቅርታ፣ አልፎ አልፎም በአማርኛ። ዕቃው የት እንደገባ አላውቅም። ሹፌሩንም አላውቀውም። የማውቀው ድምፄን ማለስለስ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ልጅ ነኝ፤ ሌላ የምችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የማድረው ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ስድስት ሆነን በምንጋራው ክፍል፣ ላይኛው አልጋ ላይ ነው። እህቴ ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ አንድ ፎቅ ላይ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የእረፍት ቀኗን አጅማን ነው የምታሳልፈው። እዚያ ከጓደኞቿ ጋር የያዘችው ቤድ ስፔስ፣ በጋራ የሚከራዩት የአልጋ ቦታ፣ አለ፤ እኔም እዚያ እየሄድኩ አገኛታለሁ። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም እላታለሁ።

“ዛሬስ ስንት ሰው ሰደበህ?” ትለኛለች፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

“አልቆጠርኩም።”

“አንተስ ይቅርታ አልካቸው?”

“አልኩ።”

“አንተ ነህ እንዴ የሰረቅካቸው? ኧረ ተው ወንድምዬ! እንዲህ እንደሆንክ ሚስት ብታገባም ‘እባክዎ መስመሩ ላይ ይጠብቁ’ ልትላት ነው።”

ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እህቴ ስትሰድበኝ ደስ ይለኛል። ቤታችን እንዲህ ነው። እናቴም ወልዲያ ሆና ስደውልላት መጀመሪያ ትቆጣኛለች፤ ደህንነቴን የምትጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ግን እህቴ ሳትስቅ አወራችኝ። ከክፍሉ ሴቶች አንዷ ሞታ ነበር። ለጓደኞቿ ያረዱት ቡር ዱባይ ቢሮ ያላቸው አንድ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። አስከሬን ወደ አገር የሚልኩ፣ የሆስፒታሉን፣ የኤምባሲውንና የአውሮፕላኑን ወረቀት የሚጨርሱ ሰው።

“ምግብ ይዘው መጡ” አለችኝ። “በላን። በልተን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ስልክ ላይ የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ።”

“የሬሳ ሥራ?” አልኳት።

“የሰው። ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ሥራ ነው።”

የድሮውን ሥራ ትቼ ሽማግሌው ጋ ገባሁ። ቢሮው ከጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ ለሰዎች የሚሆን ረጅም ሶፋ። ሽማግሌውን ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የሚልኩት ግን የሁሉንም ነው። የእኔ ሥራ ከፓስፖርቱ ተነስቶ አገር ቤት ያለ ሰው መፈለግ ነበር። ቤተሰቡን ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ደንብ ይሄ ነው፤ ለቤተሰብ አይደወልም። ጎረቤት ይፈለጋል፣ የእድር ዳኛ ይፈለጋል፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ይፈለጋል። የሚነገረው ለእሱ ነው። እሱ ሰው ሰብስቦ ንጋት ላይ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ፣ የሚጠይቅ ካለ፣ “ትንሽ ታማለች” ይባላል። መርዶ የሚረዳው ሰው ደግሞ አስቀድሞ እህል መቅመሱ ይጣራል። ከመርዶ በኋላ እህል አይወርድም።

ሥራውን ወደድኩት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ወደድኩት። አንዳንድ ፓስፖርት ላይ የወረዳ ስም ብቻ ነው ያለው። ትምህርት ቤቱ ጋ እደውላለሁ፣ ጤና ጣቢያው ጋ እደውላለሁ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን “አዎ፣ የአባቷ ቤት ከእኛ በታች ነው” የሚል ሰው ይገኛል። በድሮው ሥራዬ በአምስት ዓመት የጠፋ ነገር አግኝቼ አላውቅም።

የመጀመሪያ ጥሪዬ ግን ተበላሽቶ ነበር። አንድ ባለ ወፍጮ ነው ያነሳው። “ጤና ይስጥልኝ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለአንድ ጉዳይ ቢተባበሩኝ” አልኩት። ሰውየው ወፍጮውን አጠፋ። ጸጥታው እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

“ማነው የሞተው?” አለኝ።

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወስደው እሳቸው ጨረሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ሙሽኪላው፣ ችግሩ፣ ድምፅህ ነው። ከዓረብ አገር ደውሎ እንዲህ የሚለሰልስ ሰው ሞት ይዞ ነው የሚመጣው። ዋላሂ እኔም ደነገጥኩ! መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ጠይቅ። መብራት ስለ መጥፋቱ ተነጫነጭ። የጎረቤታቸው ልጅ ምሰል።”

ተማርኩ። ስለ ዝናብ መጠየቅ፣ መነጫነጭ፣ መሳቅም ጭምር። ሳላስበው ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። የሰው ድምፅ ሲለሰልስ መፍራት ጀመርኩ።

እህቴ መለስለስ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ራሴን ያመኛል ትል ነበር። አሠሪዋ፣ ማዳም የምትላት፣ ሐኪም ቤት ወስዳታለች፣ መድኃኒትም ሰጥተዋታል። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ሕመሙ ግን አንድ ሳምንት ይተዋትና ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ቀን አጅማን ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ማንም አልሰደበኝም። በቀን መጋረጃው ተዘግቷል፤ ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል አሉኝ።

“እንዴት ዋልክ ወንድሜ? ደህና ነህ?” አለችኝ ከተኛችበት።

“ምነው?”

“ምን ምነው?”

“ስደቢኝ እንጂ።”

ፈገግ አለች። “ዛሬ ደክሞኛል። በሚቀጥለው ስትመጣ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እሰድብሃለሁ።”

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንድትመለስ ልለምናት አስቤ ነበር፤ አገር ቤት ሄዳ ትታከም ብዬ። በስልክ አይሆንም፣ ሳገኛት እነግራታለሁ አልኩ። እንዲህ ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። ቢሮ ስገባ ጋሼ ቀድመውኝ መጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ተነስቷል። ፉል፣ ዳቦ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል።

“ና ብላ” አሉኝ።

“በልቼ ነው የመጣሁት ጋሼ።”

“ድገመው። ከእኔ ጋር ብላ።”

ተቀመጥኩ። የጋሼ ስልክ ተዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ስልካቸውን ዘግተው አይቼ አላውቅም። አንድ ጉርሻ ዋጥኩ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሁለት ሴቶች ገቡ፤ የአጅማን ክፍል ሴቶች፣ የእህቴ ጓደኞች። ነጠላ ለብሰዋል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔን ግን አላዩኝም።

“ወልዲያ ዝናብ ገባ?” አሉኝ ጋሼ።

እጄ ዳቦው ላይ ቀረ። ከዚያ መብላቴን ቀጠልኩ። ፉሉን ጨረስኩ። የእሳቸውንም ዳቦ ወስጄ በላሁ። እየበላሁ እስካለሁ ድረስ ማንም እንደማይናገር አውቃለሁ። ደንቡ ነው። አንደኛዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሼ የራሳቸውን ሻይ ወደ እኔ ገፉልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ሌላ የሚበላ ነገር አልነበረም።

“ታማለች?” አልኳቸው።

“ታማለች።”

“በጣም?”

ሴቶቹ ተነስተው በግራና በቀኝ ያዙኝ። እህቴ ወጥ ቤት ቆማ ሳለ ወድቃ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ነው ያረፈችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው ስለ እናቴ ማሰብ የጀመርኩበትን ሰዓት ነው። እናቴ ደም ግፊት አለባት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። እህቴ ደግሞ በየረቡዕ፣ የማዳምን ምሳ ጨርሳ፣ ሳትደውልላት ቀርታ አታውቅም።

ጋሼ ለእድራችን ዳኛ ደወሉ። ዳኛው ጎረቤታችን ናቸው። ገጠር ለቅሶ ሄደዋል፤ አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሱት። “ዛሬ ሰው ሰብስቤ ነገ ንጋት ላይ እንገባለን፤ እስከዚያ አደራ፣ እንዳትሰማ” አሉ።

እንግዲህ ነገሩን እስከ ንጋት መያዝ ነበረብን። ከሰዓት በኋላ ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ እናቴ ናት። የመጀመሪያውን አላነሳሁትም። ሁለተኛውንም።

“አንሳው” አሉኝ ጋሼ በሦስተኛው። “ካላነሳኸው ታውቃለች።”

“ምን ልበላት?”

“ሥራህ አይደለም እንዴ? ስለ ዝናቡ ጠይቃት። ተነጫነጭ።”

አነሳሁት።

“የት ገብታችሁ ነው እናንተ?” አለችኝ እናቴ። “እሷም አታነሳ፣ አንተም አታነሳ! ስልኩን ለጌጥ ነው የገዛችሁት?”

ቁጣዋ ደግፎ ያዘኝ። መቆጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሥራ ላይ ነኛ፣ ምን ላድርግ፣ ማለት። አፌ ግን የለመደውን አወጣ።

“ስላስጠበቅኩሽ በጣም ይቅርታ እማዬ” አልኩ። “ከልቤ ይቅርታ።”

በሕይወቴ እናቴን እንዲህ ብያት አላውቅም።

ከኋላዋ ዶሮ ስትጮህ ይሰማኛል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እህትህስ?” አለችኝ በመጨረሻ።

“ትንሽ ታማለች።”

“ትንሽ።”

“አዎ እማዬ።”

ስትተነፍስ እሰማታለሁ።

“እህል ቀምሰሃል?” አለችኝ።

“ቀምሻለሁ።”

“ብቻህን ነህ?”

“አይደለሁም። ሰዎች አሉ።”

“እሰይ። አይለዩህ።” ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። እናቴ እንዲህ ስትለሰልስ ሰምቻት አላውቅም። “እኔም እራቴን እበላለሁ። ጎረቤቴንም ዛሬ እኔ ጋ እደሪ እላታለሁ። አንተ ስለ እኔ አታስብ። ሌላ ምንም አትንገረኝ የኔ ጌታ። በስልክ ምንም አትንገረኝ።”

“እሺ እማዬ።” መዝጋት አቃተኝ። “ዝናብ ገባ?” አልኳት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ።

“ገብቷል። ደህና ነው ዝናቡ።” ስልኩን ዘጋችው።

ጋሼ የእሷን ድምፅ አልሰሙም። “ምን አለችህ?”

“ዝናብ ገብቷል አለች።”

“ጎበዝ” አሉኝና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ደወሉ። ንጋት ላይ ሲደርሱ በሩ ሳይቀረቀር አገኙት። ግቢው ተጠርጓል፣ አግዳሚ ወንበሩ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ጎረቤቷም አብራት አለች። “እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልጠረጠረችም” አሉ ዳኛው። “እንደ ወጉ ተረዳች።”

ወረቀቱን ሁሉ የጨረስኩት እኔ ነኝ። እህቴን ይዤ ወልዲያ የገባሁትም እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ እናቴ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች እያለቀሱ “መቼ ሰማሽ? ማን አረዳሽ?” ይሏታል።

“ሐሙስ ንጋት ላይ” ትላቸዋለች፣ በእጇ ወደ ዳኛው እያመለከተች። “እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ በፊት ምንም አልሰማሁም።”

ይህን ስትል እኔን አታየኝም። እጄን ግን በነጠላዋ ሥር ይዛው ነበር።