የጋርዒን ቤተሰብ

ይርገዱ ዕብራይስጡን የለቀመችው ከመጥረጊያዋ ሥር ነው። በናታንያ የባሕር ዳር መናፈሻ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ሲፈለፍል ይውላል፤ ገለፈቱን እሷ ትጠርጋለች። ሱፉን "ጋርዒን" ይሉታል። ለይርገዱ ጋርዒን ፍሬ ነው፤ ፍሬም ዘር ነው።

ፋታ ስታገኝ ባሕሩን በቀኟ ትታ ወደ ደቡብ ታያለች። ጎንደር በዚያ በኩል ናት። በልጅነት አንድ ቁርበት ላይ አብራት የተኛች ታናሽ እህቷ ባንች፣ እዚያ በኪራይ ቤት ወደ እስራኤል የመግቢያ ተራዋን ስትጠብቅ ጠጉሯ ሸብቷል።

ሐሙስ ዕለት ይርገዱ የእህቷን ጉዳይ ልትጠይቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ "የሚመጣው ሚሽፓኻ ጋርዒኒት ብቻ ነው" አለቻት። የዘር ቤተሰብ! እህት ከዘር ካልተቆጠረች ማን ሊቆጠር ነው? ይርገዱ እጆቿን ዘርግታ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት አየቻት። ይርገዱ ከቢሮው ደጅ ሳትርቅ ለእህቷ ደወለች።

"ባንችዬ፣ ተፈቀደልሽ!"

ከወዲያ እልልታው ቀለጠ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ባዮሎጂ የምትማረው ልጇ ሃዳር ለሰንበት ዶራ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣች። ወሬውን ስትሰማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቁጭ አለች።

"ኢማ፣ ጋርዒኒት ነው ያለችሽ? እሱ እኮ የዘር ማለት አይደለም።"

"ጋርዒን ዘር አይደለም? ስጠርገው እየዋልኩ?"

"የሱፉስ ነው። እኛ ስንማር ግን የሴል አስኳልም ጋርዒን ነው፣ በፊዚካ የአቶሙ መሀልም ጋርዒን ነው። ቤተሰብ ላይ ሲሆን ደግሞ አባት፣ እናት፣ ልጆች። በቃ። እህት የለችበትም።"

"አንዲት ቃል ስንት ባል ታገባለች?" አለች ይርገዱ። ልትስቅ ፈልጋ ፊቷ እንቢ አላት።

ባንች ሰንበቷን በደስታ ትዋል፣ እሑድ ልንገራት አለች ይርገዱ በልቧ። ደግሞ ሐሰት ይዤ ሰንበትን አልቀበልም አለች። ደወለች፤ ሁሉንም ነገረቻት።

ከባንች ኋላ የጎረቤት ሴቶች ሳቅ ይሰማ ነበር።

"እንግዲያ እኔ ገለባ ነኛ!" አለች ባንች።

"አፈር ልሁንልሽ፣ እንዲህ አትበዪ።"

"ምን ልበል እቴ? ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ መጥተው ቤቱ ሞልቷል።"

"እሑድ ቢሮው ሲከፈት ተመልሼ እጠይቃለሁ። ይህ ቃል በየቤቱ ፍቺው ሌላ ከሆነ፣ እህት የምትገባበት አንድ ቤት አያጣም። እግዜር ያውቃል።"

ባንች ረዥም ተነፈሰች። "ጠይቂ። እኔም ሴቶቹን አላሰናብትም፤ መጥተዋልና ሰንበትን አብረን እንቀበል።"

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች። ይርገዱም አልዘጋችም። አንዷ "መቼ ነው ታዲያ?" ስትል ሰማች።

"ገና ነው" አለች ባንች። "ገና ነው።" አይሆንም አላለችም።

ይርገዱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ "ኢማ፣ ሰንበት ሊገባ ነው" እስክትባል ድረስ የእህቷን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።