የአባቴ ለስላሳ

አባቴ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላም፣ ከጁምዓ ሲመለሱ በከተማችን በመርሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቅ አንድ ለስላሳ ሳይጠጡ ቤት አይገቡም ነበር። ሐኪሙ መክሯቸዋል፤ እናቴም በሕይወት ሳለች ለምናቸዋለች፤ አልሰሙም።

ያስተዋቸው ግብሩ ነው። በለስላሳ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሎ ዋጋው ሲጨምር ባለሱቁ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ለጣፋጭ ውሃማ ይህን ያህል አልከፍልም ብለው ጠርሙሱን መለሱለትና በአቅራቢያችን ካለችው ከግራና ከተማ የመጣ ፓፓያ አንጠልጥለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለአስቤዛ ስንወጣ ፊት ፊት እየሄዱ ወደ ፍራፍሬው ተራ ይመሩኛል። ማንጎውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ሲመርጡ ደስ ይሉኝ ነበር። ስኳሩም ስለተወደደ ቀስ በቀስ ከቤታችን ጠፋ።

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ሱቆች ተቆለፉ። ቤታችን የቀረው ጥቂት የማሽላ ዱቄት ነበር። አንድ ጠዋት አባቴ የስኳር ኪኒናቸውን ዋጡና አልራበኝም ብለው ቁርሳቸውን ለልጄ ተዉላት። ረፋዱ ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ኪኒኑን ውጠው ስላልበሉ በደማቸው ያለው ስኳር እንደወረደ ገባኝ። የሚቀመስ ጣፋጭ ግን አልነበረንም።

ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ክርስቲያን ናት፤ ፋሲካና ኢድ አብረን ነው የምንውለው። ስኳር የላትም። ትንሽ አሰበችና ከአልጋዋ ሥር አንድ ለስላሳ አወጣች። ልጇ ከዘመተበት ሲመለስ ልትሰጠው ያስቀመጠችው ነበር።

“የልጅሽ አይደለም እንዴ?” አልኳት።

“እሱ ሲመጣ ሌላ ይገኛል” አለችና ቀድማኝ ወጣች።

እኔ ራሳቸውን ደገፍኩ፤ እሷ “አይዞዎት፣ ቀስ ብለው ይዋጡ” እያለች በማንኪያ አቀመሰቻቸው። ቆይቶ ዓይናቸው ረጋ። እሷን ለዩና አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን አይተው፣

“ይሄ እኮ ውድ ነው” አሏት።

እሷም ሳቀች። ልጇ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዛሬም ለስላሳ አንገዛም፤ ትንሽ ስኳር ግን ለክፉ ቀን በጣሳ አኖራለሁ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ እያነከሰ ተመለሰ። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ሄዱ። ግንባሩን ሳሙት፤ ከዚያ እጁን እንደያዙ አጠገቡ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ።