ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው

ይህንን ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። ለእግዚአብሔር እንኳ ስነግረው ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ነው፤ እሱ እንደሆነ ያውቀዋል ብዬ። እናንተ ግን አታውቁትም፤ ስለዚህ ለእናንተ ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ በጽጌ ቀናሁ። ቀንቼም ዝም አላልኩም።

ጽጌን ብታዩዋት ታውቋታላችሁ፤ ስሟን ግን አታውቁትም። በአሜሪካ ተከታታይ ፊልሞች ውስጥ የሞተውን ሰው መጀመሪያ የምታየው ጎረቤት እሷ ናት። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት እሷ ናት። ፍርድ ቤት ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ የምታለቅሰው እናትም እሷ ናት። ትንሽ ታይታ ትሄዳለች፤ ሰዉ ግን ከዋናዋ ቆንጆ ይልቅ እሷን ያስታውሳል። የእኔም በሽታ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ድራማ ስንሠራ ዋናዋ ቆንጆ እኔ ነበርኩ።

ሁለታችንም በዲቪ መጥተን ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። በሥራ ቀን አረጋውያን መጦሪያ እንሠራለን፤ እሁድ እሁድ ኦክላንድ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን እንሄዳለን። እዚያ የድራማ ቡድን ነበረን። ሙሽራ ካለች እኔ ነኝ፤ ጽጌ ደግሞ ገና ሠላሳ ሳይሞላት አሮጊት ትሆናለች። ከሥራ ስንመለስ ባቡር ውስጥ አንዷ አሮጊታችን ከወንበር እንዴት እንደምትነሳ ታሳየኛለች፤ መጀመሪያ እጇ፣ ቀጥሎ ትንፋሿ፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቷ። እኔንም አስመስላ ትጫወት ነበር። “ሄለን ስትዋሽ ቅንድቧን ታስተካክላለች” እያለች በሌባ ጣቷ ቅንድቧን ስትደባብስ ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ።

አንድ እሁድ ቬሎ ለብሼ ሙሽራ ሆኜ ተጫወትኩ፤ ጽጌ የሙሽራዋ ጎረቤት ናት። ከምእመናኑ አንዱ የጋበዛት አንዲት አሜሪካዊት መጥታ ነበር፤ ኦክላንድ ውስጥ ትንሽ ቴአትር ቤት ያላት ዳይሬክተር ናት አሉ። አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም። ድራማው ሲያልቅ ሰዉን እየገፋች ወደ እኔ ስትመጣ ፈገግታዬን አስተካክዬ ጠበቅኳት። አሮጊቷ የታለች ብላ ጠየቀችኝ። ጽጌ ከኋላዬ ቆማ ዳቦ ትበላ ነበር፤ እቅፍ አበባዬን ይዤ በእሱ ጠቆምኳት።

ከዚያ ወዲያ ጽጌ ኦክላንድ መድረክ ላይ ወጣች፤ ቆይቶም ሳን ሆዜ ካለ ትልቅ ቴአትር ቤት ተጠራች። እኔም አንዴ ለትወና ልፈተን ኦዲሽን ሄጄ ነበር። ኮል እናደርጋለን አሉኝ፤ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። በየቴአትሯ ከፊት ተቀምጬ አጨበጭባለሁ፤ እጄ ሲያጨበጭብ አንጀቴ ያርር ነበር። ምን ወሰደችብኝ? ምንም። እነዚያን አሮጊቶች ተጫወቺ ቢሉኝ እሺ እል ነበር? አልልም። ሰው ራሱ በማይፈልገው ነገር ይቀናል? ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ።

ከዚያ የመጀመሪያ ፊልሟ መጣ። የምትጫወተው መጠጥ ያሸነፋት እናት ሆና ነው። ማታ ማታ ወጥ ቤታችን ውስጥ ትለማመዳለች። ከቴአትር ቤት ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ሰጥተዋታል፤ ውስጡ ሻይ ነበር። የሰከረ ሰው ሊንገዳገድ ፈልጎ አይደለም የሚንገዳገደው፣ ቀጥ ብዬ ልሂድ ሲል ነው ትለኛለች። ከዚያ ከምድጃው እስከ በሩ ቀጥ ብላ ለመሄድ ትሞክራለች። እውነቱን ልናገር፣ ታስፈራ ነበር። ያን ያህል ጎበዝ ነበረች።

ረቡዕ ረቡዕ ዩኒየን ሲቲ በአንዲት እህት ቤት የጸሎት ኅብረት ነበረን። አንድ ረቡዕ ጽጌ ልምምድ ስላለባት ቀረች። እኛ ዘንድ ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን ኃጢአት አይደለም። አንድ ሰው “ሸክም አለኝ” ካለ ሁሉም ወደፊት ጠጋ ይላል። እኔም ተራዬ ሲደርስ እንዲህ አልኩ፦

“ለእህታችን ለጽጌ ሸክም አለኝ። ቤታችን ውስጥ ጠርሙስ አለ። ስትንገዳገድ አያታለሁ። ሌላ አልጨምርም፤ ብቻ በጸሎት እናስባት።”

አንድም የሐሰት ቃል አለበት? የለበትም። ቃሉን አንድ በአንድ መርጬዋለሁ። እህቶች አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ዳይሬክተር አጠገቤ አልነበረም እንጂ በሕይወቴ ምርጡን የተጫወትኩት ያኔ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ሳን ሆዜ ደረሰ፤ ከዚያም አዲስ አበባ። ሽማግሌዎች ጽጌን ጠሯት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ጠርሙሱን ይዛ ሄዳ አስረዳቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ግን ተዋናይ አይደለሽ እንዴ፣ ይህንንስ ብትጫወቺው በምን እናውቃለን አሏት። ጎበዝ በመሆኗ አላመኗትም። ከአገልግሎት አገዷት። እኔንም አብረሻት ነው የምትኖሪው ብለው ጠየቁኝ፤ በሰው ላይ መፍረድ አልፈልግም አልኩ። ትሕትናዬን አመሰገኑ።

ይህን ሁሉ ምናልባት ይቅር ትሉኝ ይሆናል። የሚቀጥለውን እንጃ።

የጽጌ እናት እትዬ ብርቄ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።

“ሄለንዬ፣ አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እሷ አትጨነቂ እያለች ታባብለኛለች። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ፣ ትጠጣለች?”

አትጠጣም። አንድ ቃል ነበር። ስልኩን ትከሻዬ ላይ አጣብቄ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ጽጌ ከታች መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየኋት። የሚናዋን ቃል እያነበነበች ብቻዋን ትስቅ ነበር። ደስታዋ አቃጠለኝ።

“እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ይጸልዩ” አልኳቸው።



“እሺ ልጄ፣ ጾም እይዛለሁ። ስላልደበቅሽኝ ጌታ ይባርክሽ።”

ስኳር ያለባቸው ሴት ነበሩ፤ መጾም አልነበረባቸውም። በዓመቱ አረፉ። ጾሙ ገደላቸው አልልም፤ አላውቅም። የማውቀው ልጃቸው ሰካራም የሆነች መስሏቸው መሞታቸውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ ቁጥራቸው እኔ ዘንድ ነበር። አልደወልኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ አልነበረም፤ መደወል አልፈለግሁም።

ጽጌ ከለቅሶው በኋላ ዕቃዋን ይዛ ሳን ሆዜ ገባች። አልተጣላችኝም። ሶፋውን ትታልኝ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። አላወቀችም ብዬ ዓመታት ተኛሁ፤ አግብቼ ወለድኩ።

ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ጽጌ ብቅ አለች፤ አሁንም ጎረቤት ናት፣ ስልክ ይዛለች። በወዲያኛው ጫፍ አንዲት አሮጊት ስለ ልጃቸው ይጠይቃሉ። ጽጌ ስልኩን ትከሻዋ ላይ አጣብቃ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሌባ ጣቷን አንስታ ቅንድቧን ቀስ አድርጋ ደባበሰች። “እርስዎ ብቻ ይጸልዩ” አለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ እኔ ግን በአማርኛ ሰማሁት።

ልጄ ሳቀች። “ማሚ፣ ሉክ! ዛትስ ዩ!” እዪ፣ አንቺ ነሽ ማለቷ ነው።

ያልኩትን ቃል እትዬ ብርቄ ለጽጌ ነግረዋታል ማለት ነው። ጉንጬን ስትስመኝ ታውቅ ነበር። ታዲያ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ይመስላችኋል? ፍርሃት? ሐፍረት? እነሱ በኋላ መጡ። መጀመሪያ የመጣው ያው የድሮው ነው። እንዴት አሳምራ ሠራችኝ ብዬ ቀናሁ። ኃጢአቴን እንኳ ከእኔ በላይ ተጫወተችው።

ቁጥሯ አለኝ። ብደውልላት ጣቴ ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ አልደወልኩም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ የምለውም ትወናዬን እንድታይልኝ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ይህንን የጻፍኩት አንድ ቃል ስላለብኝ ነው፤ ያለብኝም ለሌላ ሰው ነው።

እትዬ ብርቄ፣ ልጅዎ አትጠጣም። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ሻይ ነው። ሻዩን አፍልቼ የምሞላላት እኔ ነበርኩ።