ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍኩት ሽታ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ዳሪል የሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ድንኳን አሽትት የሚል ነበር። ሱቁ ያለው ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ነው፤ የካምፕ ዕቃ ያከራያል፣ ሰዎችንም ሰብስቦ ወደ ኒው ሜክሲኮ ተራሮች ለእግር ጉዞ ይወስዳል። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከሱዳን በስደተኝነት መጥቼ ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ቆይቼ፣ ወገቤ አልችል ሲል ነው እዚያ የተቀጠርኩት። ከረባት አስሬ ሄድኩ። ዳሪል ከረባቴን አየት አደረገና ከኪራይ የተመለሰ ድንኳን ዘረጋና ጭንቅላትህን አስገብተህ ምን እንደሚሸትህ ንገረኝ አለኝ።

ላብ፣ ሻጋታ፣ የተጠበሰ ሥጋ አልኩት። ሥጋ ስል ድንኳኑን ለይቶ ወደ ማጠቢያው ጣለው። በእኛ ሰፈር ድብ የለም፣ ድንኳኑ የሚሄድበት ተራራ ላይ ግን አለ ብሎ አስረዳኝ። ድብ በዓይኑ ብዙም አይተማመንም፤ የሚኖረው በአፍንጫው ነው። ሥጋ የተጠበሰበት ድንኳን ውስጥ ሰው ቢተኛ ድቡ መጥቶ የሚፈልገው ሥጋውን ነው፣ የሚያገኘው ግን ሰውየውን ነው።

ለሁለት ዓመት ያህል ከኪራይ ባንኮኒው ጀርባ ቆምኩ። የድንኳን ዘንግ እቆጥራለሁ፣ የተጣመመ ካስማ አቃናለሁ፣ ዚፕ በሻማ አሻለሁ፣ የምድጃ አፍ በመርፌ እጠርጋለሁ። ከዚያ የጉዞ መኪናው ሾፌር ሆንኩ፤ ከግሬፕቫይን ተነስቶ ተራራው ሥር ለመድረስ ሙሉ ቀን መንዳት ነው። ቀጥሎ ረዳት መሪ፣ በመጨረሻም መሪ ሆንኩ። ዳሪል መሪነቱን የሰጠኝ ቀን፣ እንግሊዝኛህ ብዙም አልተሻሻለም፣ አፍንጫህ ግን ከሁላችን ይበልጣል አለኝ። ደስ ብሎኝ እቤት ድረስ እየዘፈንኩ ነዳሁ።

ከጉዞ በፊት ባለው ቅዳሜ ተጓዦቹን ሱቁ ውስጥ ሰብስቤ አስረዳ ነበር። ምግብ የሚበስለው ከድንኳኑ መቶ እርምጃ ርቆ ነው። የሚበላው ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናና የፊት ቅባት ሳይቀር፣ አንድ ከረጢት ገብቶ ከግንዱ ራቅ ብሎ በገመድ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ምግብ ያበሰላችሁበትን ልብስ ለብሳችሁ አትተኙም። ድብ መንገድ ላይ ካገኛችሁ አትሩጡ፤ ክንዳችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ድምፃችሁን አሰምታችሁ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ ሂዱ። ጥቁር ድብ ድንኳናችሁ ከገባ ደግሞ የሞታችሁ መስላችሁ አትተኙ፣ አፍንጫውን ምቱት። ይህን ስል አብዛኛው ሰው ይስቃል።

አንድ ጊዜ የፎርት ዎርዝ የጥርስ ሐኪም ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ፈርሞ፣ በሁለተኛው ቀን ከአንድ ድብ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ሸሽቶ እኔን ብቻዬን ትቶኝ ሄደ። እንግሊዝኛዬ በሙሉ አብሮት ሄደ። ድቡን በአማርኛ፣ «ዞር በል፣ መንገድህን ቀጥል፣ ከአንተ ጋር ጉዳይ የለኝም» እያልኩ ወደ ኋላ ተራመድኩ። ቆሞ አዳመጠኝና ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ሱቁ ውስጥ ለወራት ተሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሚያስቅ አይደለም። አንዲት ልጅ በእኔ ዝምታ የተነሳ የሌለባትን ጥፋት ሁለት ዓመት ተሸክማለች፤ ብዕር ያነሳሁት እሱን ለመናገር ነው።

ልጅቷ ሶስና ትባላለች። ሌዊስቪል ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ መረጃ ትጽፍ ነበር። ኮሌጅ የጨረሰች ጊዜ እናቷን ተራራ ላሳይሽ ብላ ለሁለት ተመዘገበች። እናቷ እትዬ ዘነበች ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃሏ የሚደመጥ፣ ትልቅ ሰው ነበረች። መሪው ሐበሻ መሆኑን ስታውቅ ባትቀበለኝ ይሻል ነበር፤ «እንግዲህ ልጄንም እኔንም ለአንተ ሰጥቻለሁ» አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ።

መከር ነበር። ድብ በመከር ለክረምቱ እንቅልፍ ስብ ያጠራቅማል፣ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ ዛፎቹ ፍሬ አልያዙም። የደን ጠባቂዎቹ መግቢያው ላይ ድቦቹ ተርበዋል፣ ተጠንቀቁ ብለውናል። እኔም የሁሉንም ሻንጣ ከወትሮው አጥብቄ ፈተሽኩ። እትዬ ዘነበች ቆሎዋንና ዳቦዋን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሌላ የሚበላ የለኝም አለች። አልዋሸችም።

ከፍታው ራሷን አሳመማት። ለአዲስ ሰው የተለመደ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይታረፋል። ከሰዓት በኋላ ድንኳኗ ገብታ ተኛች። አመሻሹ ላይ፣ የምግቡ ከረጢት ከተሰቀለ በኋላ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ወጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ያኔ ሸተተኝ። አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ነበር። ራሷን ስላመማት አናቷን ተቀብታዋለች። ለእሷ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው፤ ስጠይቃት ያላወጣችውም ለዚህ ነው።

ረዳቴ የቴክሳስ ልጅ ነው፤ ቢሸተውም የሳሙና ሽታ ነው ብሎ ያልፈዋል። በዚያ ተራራ ላይ ያንን ሽታ የሚለይ ከልጇ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሶስና ደግሞ ሽታው የእናቷ ሽታ ነው፣ ልብ አትለውም።

ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ። ውሃ ማሞቅ፣ ፀጉሯን በሳሙና ማሳጠብ፣ ሻሹንና ትራሱን ከረጢት ውስጥ ከትቶ መስቀል፣ ድንኳኑን መቀየር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በቀደመው ጉዞ አንድ ጠበቃ ሸሚዙ ላይ ማር ፈሶበት፣ አስወልቄ በብርድ አሳጥቤዋለሁ፤ ቅር አላለኝም። እትዬ ዘነበችን ግን ሰው ፊት «ራስዎን ይታጠቡ» ማለት ከበደኝ። እናቴን የምታህል ሴት፣ ያውም ታማ። ይቀየሙኛል አልኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ያወሩብኛል አልኩ። የእነሱን ድንኳን ከእኔ አጠገብ ማድረግ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ጎህ ሲቀድ የምግቡን ከረጢት ላወርድ ሄድኩ። ገመዱን እየፈታሁ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ፣ ከዚያ የሶስናን ድምፅ። ስደርስ ድቡ በድንኳኑ ራስጌ በኩል ገብቶ የእትዬ ዘነበችን ሻሽ ከነቆዳዋ ይዟል። ሶስና በጫማዋ አፍንጫውን ትመታዋለች። እኔ እንዳስተማርኳት ነው የምትመታው። እናቷን ለቀቀና የእሷን ቀኝ እጅ ያዘ። ለድብ መከላከያ ከወገቤ የማልለየውን የበርበሬ መርጫ ፊቱ ላይ ለቀቅኩበት። እጇን ጥሎ፣ ሻሹን ይዞ ዛፎቹ ውስጥ ገባ።

ቁስላቸውን አሰርኩ። ረዳቴ እየሮጠ ወርዶ ከደን ጥበቃው ጣቢያ ሰዎች ይዞ መጣ። ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ ዘነበች ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ ተሰፋች። ሶስና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች።

እናትየው አልጋ አጠገብ ሳለሁ የዱር እንስሳት መርማሪው ቅጽ ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነበር። የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ እትዬ ዘነበች በእንግሊዝኛ የሥራዋን ያህል ብቻ ነው የምትግባባው። ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ወይም የሚሸት ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

ተረጎምኩላት። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቅቤው ነው እንዴ ሰይፉ?» አለችኝ።

«እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ።»

«ልጄ እንዳትሰማ። በእኔ ምክንያት እጇ እንደተጎዳ እንዳትሰማ። ማልልኝ።»

ማልኩላት። ወደ መርማሪው ዞሬ ምንም አልነበረም አልኩት፤ እሱም ጻፈ። ከሥሩ እኔ ፈረምኩ። ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም። ሽታውን ማታውኑ አውቄው ነበር ካልኩ መሪነቴ ያበቃል።

መርማሪው ቅጹን እያጠፈ፣ እንግዲያው ይህ ድብ የምግብ ሽታ ስቦት ሳይሆን ሰውን ራሱን ፈልጎ የመጣ ነው፣ አይተውም አለኝ። በማግስቱ ገደሉት። የመንግሥት መኪና ላይ ተጭኖ ሲያልፍ አየሁት፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። እውነቱን ብናገርም ምናልባት ይገደል ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግሬፕቫይን ስመለስ ዳሪል ሪፖርቱን ሁለቴ አነበበ። የቀረ ነገር አለ ወይ አለኝ፤ የለም አልኩት። እንግዲያው ሕጋችን ደህና ነው፣ ዕድል ነው የከዳን ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ኪራይ ባንኮኒው መልሰኝ ብዬ ለመንኩት፤ ደንግጠሃል ብሎ ፈቀደልኝ። ለተጓዦች በምንሰጠው መመሪያ ላይ የፀጉር ቅባት የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶስና ሱቁ ገባች። ቀኝ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ነው። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም፤ የቢሮውን ሥራ ትታ ሌላ ሥራ ይዛለች። ወንበር ሰጠኋት።

«ጋሽ ሰይፉ፣ አንድ ነገር አልነገርኩህም» አለች። «ያን ቀን፣ ማለቴ ስንተኛ፣ ከንፈሬ ደርቆ ነበር። ሶ ሊፕ ባልም አደረግኩ። ቼሪ ነው፣ ይሸታል። አንተ ሁሉንም ስጡኝ ብለህ ነበር፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ረሳሁት። እኔ ነኝ ድቡን ያመጣሁት።»

ለእናትሽ ነግረሻት ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

«ሁልጊዜ። ፊቷን ሳይ ሶሪ እላታለሁ። እሷ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ታለቅሳለች። ፎርጊቭ አላደረገችኝም።»

የማልኩትን አሰብኩ። ባንኮኒው ላይ የተዘረጋ ድንኳን ነበር፤ አጥፌ ጨረስኩት። ከዚያ ነገርኳት፤ ቅቤውን፣ የእናቷን ጥያቄ፣ ቅጹን። ሊፕ ባልሙ ሽታው ይኑር እንጂ፣ ድቡ በእናትሽ ራስጌ በኩል ነው የገባው፣ የወሰደውም ሻሹን ነው አልኳት።



«አንተ መቼ አወቅክ?» አለችኝ።

«ማታውኑ። ከጎኔ ስትቀመጥ።»

«ከመተኛታችን በፊት።»

«አዎ።»

ተነሳች። በግራ እጇ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች ደወለች። ሶስና ቤቱን ለቅቃ ሌላ ቦታ እንደገባች፣ ስልኳንም እንደማታነሳላት ነገረችኝ። «ሰይፉ፣ አምኜህ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

ዳሪል ጡረታ ሳይወጣ እውነቱን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ በሚቀጥለው ሳምንት የመሪነት ካርዴን እንድመልስ ጠየቀኝ። መለስኩ። ኪራይ ክፍል እንድቆይ ፈቀደልኝና ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ።

ዛሬ ወገኖቻችንን ተራራ ይዛችሁ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። ስለ ድብ የምታውቁት ከእኔ ዘመን ይበልጣል፣ ዕቃውም ተሻሽሏል። የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሽታው ሲሸታችሁ የማንም እናት ብትሆን በዚያው ሰዓት ንገሯት፣ ሪፖርት ላይም የሆነውን ጻፉ። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም።