በላውንደሪው ፎርም ላይ ያኖርኳት ራይት

ዛሬ ጠዋት በምስክርነት ወረቀት ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍኩ። ለንደን ከገባሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የጡረታ ፎርም ሞልቻለሁ፣ የቤት ፎርም ሞልቻለሁ፣ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቅሌት አልደረሰብኝም። ዛሬ ግን ብዕሩ ሲሰጠኝ እጄ እኔን ሳያማክር አገር ቤት ደርሶ ተመለሰ።

ጠበቃዋ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ቢሮዋ ሰቨን ሲስተርስ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነው። ወረቀቱን አየችና ሳቋን ልትይዘው ሞከረች።

«ጋሼ፣ በዚህ ዴት ከሄድን ምስክርነቱን የሰጡት ማሽኑ ሳይገዛ ነው።»

«ጥሩ ነዋ» አልኳት። «ያን ጊዜ ገና ማንንም አልበደልኩም።»

ሳቋ ቆመ። ሌላ ቅጂ ፕሪንት አድርጋ አመጣችልኝና ቀኑን እሷው በጣቷ እያሳየችኝ ፈረምኩ።

ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው። ዋይት ሲቲ አጠገብ በነበረ ላውንደሪ ስሠራ፣ የአንዱ ማሽን በር የእድፍ ማስለቀቂያውን ኬሚካል ጢስ እንደሚያሾልክ እያወቅሁ፣ በሴፍቲ ፎርሙ ላይ «ደህና ነው» በሚለው ሳጥን ውስጥ ራይት አድርጌያለሁ። በዚያ ማሽን ላይ ይሠራ የነበረው ወዳጄ ዛሬ ባተርሲ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ ከአልጋው እስከ ወንበሩ ለመድረስ መሀል ላይ ያርፋል። በዚህችው ጠበቃ በኩል ካሳ ሲጠይቅ ኩባንያው የእኔን ፎርም አወጣበት። «ማንም ሳያስገድደን ራሳችንን መርምረናል፤ ማሽኑ ደህና ነበር፤ የፈረመውም የገዛ ወዳጁ ነው» አሉ። የእኔ ራይት ጋሻ ሆነችላቸው። ቆንጆ ራይት ነበረች፤ እጄ ጽሑፍ ያውቃል።

ወዳጄ ወሎዬ ነው፣ እስላም፣ በሱዳን በኩል የመጣ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን የሆቴል ልብስ አጥበናል። እሱ ማሽኑ ላይ፣ እኔ ልብስ መለያው ጋ። ቅዳሜ የእሱ ዕረፍት ስለሆነች ማሽኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ምሳ ቤት ሰበሰበን። ኩባንያው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሊመረምር ነው አለ። ጉድለታችንን ራሳችን ካገኘን፣ ራሳችን ካሳወቅንና ካስተካከልን፣ ሕጉ በለዘብታ ያየናል፤ እውነቱን የጻፈ ሠራተኛም ምንም አይደርስበትም። ከየክፍሉ አንድ ሰው ክሊፕቦርድ ይዞ በየሦስት ወሩ ይዞራል። ከእኛ ክፍል፣ በእጅ ጽሑፌ ምክንያት፣ እኔ ተመረጥኩ። ደረቴ ትንሽ ነፋ ማለቱን አልክድም።

ወሎዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ግለ ሂስ ለንደን ገባ» አለኝ።

ሁለታችን ብቻ ሳቅን። ፖላንዶቹና ጃማይካዎቹ ምን እንዳሳቀን አላወቁም፣ እኛም አልነገርናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ «አባ ወረቀት» ሆነ። ክሊፕቦርዴን ይዤ ብቅ ስል፣ «አባ ወረቀት መጣ፣ ሱሪያችሁን ከፍ አድርጉ» ይላል።

ሳቁ ለእሱ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ቤቴ ይዤው ገባሁ። ልጅ እያለሁ በቀበሌያችን አንድ አስተማሪ ነበር። በስብሰባ መሀል፣ ራሱን የሚያጋልጥ አብዮቱ ይምረዋል ሲባል ጊዜ፣ ተነሣና ከበሩ ሥር ገብታ ያገኛትን የተከለከለች ወረቀት ለቀበሌ ከማስረከብ ይልቅ ማቃጠሉን ተናገረ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨብጭቤአለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀን ማሽኑ ጋ ስደርስ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የበሩ ዙሪያ ጎማ ተሰንጥቋል። ወዳጄ በፕላስተር ጠቅልሎታል።

«እሱን ጻፍልኝ» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ ራሴን ያዞረኛል። ትናንት ደረጃው ሁለት ሆኖ ታየኝ።»

«ከሁለቱ የትኛውን ወጣህ?»

«ያንተን ቤት የሚመስለውን፤ ቆሻሻውን።»

ፎርሙን ገለጥኩ። የማሽኑ ሁኔታ የሚል መስመር አለ። ከጎኑ ደግሞ የማሽኑ ኃላፊ ስም የሚል መስመር አለ። ጉድለቱን ከጻፍኩ አጠገቡ የሚቆመው የእሱ ስም ነው። በዚያ ሰሞን ፓስፖርት አፕላይ አድርጎ መልስ ይጠብቅ ነበር። የሰው ስም ከጥፋት ጎን ተጽፎ አይቼ አውቃለሁ፤ የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሥራ አስኪያጁ ምንም አይደርስበትም ብሏል፤ ለአስተማሪውም ተብሎለት ነበር። ብዕሬን አነሣሁና «ደህና ነው» የሚለው ሳጥን ውስጥ ራይት አስቀመጥኩ። ወዳጄን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ እንደ ጀግና ሆኖ ነው የተሰማኝ።

«ጻፍከው?» አለኝ።

«ጻፍኩት።»

«በደንብ?»

«በትልልቅ ፊደል።»

ከሦስት ወር በኋላ ፎርሙ ተመልሶ መጣ። አሁን እውነቱን ብጽፍ የመጀመሪያው ውሸት ሊገለጥ ነው። ራይት። በሦስተኛውም ራይት። ወዳጄ በዚህ ሁሉ ጊዜ የመሣሪያ ሣጥን የያዘ ሰው በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር «የእኔ ሰውዬ መጣ» ይል ነበር። ሰውየው የቧንቧ ሠራተኛ ይሆናል፣ የአሳንሰር ይሆናል፤ ያልፋል። «ፈረንጅ ቀጠሮ ያከብራል ያለው ማነው» ይለኛል። እኔም አብሬው ፈረንጅን አማለሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ወዳጄ ማሽኑ ሥር ወድቆ ተገኘ። በማግስቱ አንድ ጎረምሳ ቴክኒሻን መጣ፣ እያፏጨ አሮጌውን ጎማ ነቀለ፣ አዲሱን አስገባ። እጁን ታጥቦ ሻይ ለመጠጣት ጊዜ ተረፈው።

ጠበቃዋ «ለምን አልጻፉትም?» ብላ ስትጠይቀኝ የአስተማሪውን ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ጋሼ፣ ሕጉ እኮ የተሠራው ለዚሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቢጽፉት ኩባንያው ራሱ ሪፖርት አድርጎ ያስተካክል ነበር፣ ቅጣቱም ይቀልለት ነበር። ወዳጅዎንም እርስዎንም ማባረር አይችሉም። ፕሮቴክትድ ነበራችሁ።»

«አሁንማ ገባኝ፣ ልጄ።»

«ይሄ ስቴትመንት ኬዙን በጣም ይረዳዋል። ግን ኮፒው ለእሳቸውም ይደርሳል። ሐሙስ በፖስታ እቤታቸው ይገባል።»

ወዳጄ እስከዛሬ የሚያውቀው፣ እኔ ጽፌ ኩባንያው ወረቀቴን እንደ ለወጠው ነው። «የጓደኛዬን ጽሑፍ ፎርጅድ አደረጉት» እያለ ለጠያቂ ሁሉ ሲያወራ እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ፣ ሻይም ጠጥቻለሁ። ፖስታ ከሚነግረው እኔ ልንገረው ብዬ ከሰቨን ሲስተርስ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ባተርሲ ሄድኩ። ካሳውን ባገኝለት እሱን እንደማጣው አውቄ ነው የሄድኩት። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ዞርኩ፤ ለጤናዬ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

መስኮቱ አጠገብ ነበር፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ።

«አባ ወረቀት፣ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ወረቀት።»

«ሙዝ ብታመጣ ምን ነበረበት።»

ነገርኩት። አላሳመርኩትም። ወጥ ቤት ውስጥ የሚስቱ ማንኪያ ድስቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ መሀል ላይ ማንኪያው ዝም አለ።

«ሦስቱንም?» አለ።

«ሦስቱንም።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለመናገር ትንፋሽ መሰብሰብ አለበት፤ ሲሰበስብ ጠበቅሁት።

«እሷ እኮ ተወው፣ ሌላ ሥራ ፈልግ ትለኝ ነበር» አለ በአገጩ ወደ ወጥ ቤቱ እያመለከተ። «ወንድሜ ጽፎልኛል፣ ሊሠሩት ነው፣ ትንሽ ልታገሥ እላታለሁ። ጧት ጧት እንዲህ ብያት ነው የምወጣው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ፎርሙ ላይ ከጻፍኩት ይልቅ በአፌ «ጻፍኩት» ያልኩት ነው እዚያ ማሽን ሥር ያቆመው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሂስህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«አንቆህ ከሆነ ውሃ ጠጣበት።»

አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ይቅር ብዬሃለሁም፣ ከቤቴ ውጣም አላለኝ። ሚስቱ ብቅ አላለችም። ልነሣ ስል ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣

«ይቅርታውን ቆይ» አለ። «መጀመሪያ የአረፋዋን ቀን ስጠኝ።»

በዚያው ዓመት፣ ጎማው ተሰንጥቆ ሳለ፣ የፋሲካዬ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰች። የማሽኑ ተራ የእኔ ነበር። እሱ ዕረፍቱን ትቶ መጣልኝ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውላችን፣ በአረፋ ዕለት እኔ በፈንታው ልቆም ነበር። አረፋ ሳይደርስ እሱ ወደቀ። ላውንደሪው ከዚያ ሠፈር ለቋል፣ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማሽኑን ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ አላገኘሁም። ያን ቅዳሜ የእኔን ጢስ ሙሉ ቀን ሲተነፍስልኝ ውሏል።

አንድ ፈረቃ አለብኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት።