ከአጥንት ነው የተባለው ሳል

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ተረት የሚጠላ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ በደርግ ጊዜ አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበርና፣ አባባ የምንላቸው አባቱ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በጀልባ መጥተው እኛ ዘንድ ከረሙ። መብራት በጠፋ ምሽት ኩራዝ ይለኮስና ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን። እሳቸው ብርድ ይመታኛል እያሉ በዚያ ወበቅ መስኮቱን ያዘጋሉ፤ ስንጥቁን ሳይቀር በጨርቅ ያስደፍናሉ። ከዚያ ያስላሉ። አክታቸውን ፍሙ ላይ ጢቅ ሲያደርጉት የሚያወጣው ሽታ፣ ኤዲያ፣ አይነሣ። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ምርቃት አለ፤ እደጉ ተመንደጉ እያሉ እንትፍ እንትፍ ይሉብናል። ፊቴን ከጠረግሁ የአባቴ ኩርኩም አይቀርልኝም።

የሚወዱት ተረት አንድ ነው፤ አጥንቷን ሳይጠይቅ በመልኳ ብቻ ሚስት ያገባ ጎረምሳ። ሴትዮዋ ነቀርሳ ካለበት ዘር ነበረችና ልጆቹ እየሳሉ አለቁ ይላሉ። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እናቴ ላይ ነው፤ እኅቷ በሳል ሞታ ነበርና።

ታናሽ እኅቴ ጥሩዬ መክሳትና በላብ መጠመቅ ስትጀምር ተረቱ ፍርድ ሆነ። አባባ አላልሁም ወይ አሉ። አባቴ እናቴን ወደ ወላጆቿ ሊሰዳት ሽማግሌ መፈለግ ጀመረ። እሷ ግን ጥሩዬን አዝላ ሐኪም ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት።

ነርሷ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ስትነግራት እናቴ ከእኔ አጥንት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ከአጥንትሽ አይደለም» አለቻት። «ድሮ ሐኪሞቹም በዘር ይወርዳል ይሉ ነበር፤ ተሐዋሲውን በአጉሊ መነጽር እስኪያዩት ድረስ። በትንፋሽ ነው የሚጋባው። ቤታችሁ የሚያስል ሰው አለ?»

እናቴ ቤት እንደገባች መስኮቱን በረገደችው። አባባ ዝጊው አሏት።

«አልዘጋም አባባ። ልጄን ያሳመማት የእርስዎ ሳል ነው።»

ምራት አማቷን እንዲህ ማለቷ ያኔ ትልቅ ነውር ነበር። አባቴ ሊመታት እጁን አነሣ። ወዲያው አባባን ሳል ያዛቸው፤ ቶሎም አልለቀቃቸው። ሁላችንም እየሰማን ቆምን፤ አባቴም እጁን አወረደ።

አባባም ሲመረመሩ ያው በሽታ ተገኘባቸውና፣ እሳቸውም ጥሩዬም የሐኪም ቤቱን መርፌ ጀመሩ፤ ዳኑም። አባባ ደልጊ ተመልሰው ያንኑ ተረት ማውራታቸውን ቀጠሉ አሉ። ያ ምራቅ ዛሬም ፊቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከምራቁ የባሰ የሚያቅለሸልሸኝ ግን፣ አባባ ያን ሁሉ ምሽት በተረት ሲወጓት ከከረሙ በኋላ፣ እናቴን አንድ ሰው እንኳ፣ ባሏም ጭምር፣ ይቅር በይን ሳይላት መቅረቱ ነው።